34 ቀን የኖረ መንግሥት



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዕድሜው አጭር መንግሥት ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1918 ተመሠረተ፤ ሜይ 26 ቀን ፈረሰ። በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 14 እስከ ግንቦት 18 ቀን 1910 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ያዙልኝ። መንግሥቱ የትራንስካውካሲያ ዴሞክራሲያዊ ፌዴሬሽን ሪፐብሊክ ይባል ነበር። ጆርጂያውያን፣ አርመኖችና አዘርባጃናውያን በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠው፣ በአንድ ካቢኔ ተሰይመው፣ የአንድ ነጻ አገር ባለቤቶች የሆኑት በእነዚያ 34 ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም አልተደገመም።

ይህን መንግሥት ምን ገደለው? ቀላሉ መልስ የታወቀ ነው። ሦስት ሕዝብ፣ ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ሃይማኖት፣ የከረመ ቂም፤ እንዴት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ይባላል። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። እነዚህ ሕዝቦች በአንድ ከተማና በአንድ ገበያ ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ተጋጭተዋል፣ ታርቀዋል፣ ነግደዋል። ፌዴሬሽኑን ያፈረሰው፣ በጋራ የመጣባቸው ጦርነት ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጦርነት አለመሆኑና ይህንን እርስ በርሳቸው በግልጽ ሳይነጋገሩበት ከባላጋራቸው ፊት ለድርድር መቀመጣቸው ነው። የምሽቱ ንግግሬ በሙሉ ይህንን ለማስረዳት የሚደረግ ሙከራ ነው።

ከአገሩ ልጀምር። ከጥቁር ባሕር እስከ ካስፒያን ባሕር የተዘረጋው የካውካሰስ ተራራ ሰንሰለት በስተደቡቡ ለም ሸለቆዎችና ከፍተኛ አምባዎች አሉት። የሩሲያ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ይህን ምድር የጠቀለለው ቀስ በቀስ ነው። በ1801 ምሥራቅ ጆርጂያን ያዘ። በ1813 እና በ1828 በተፈረሙ ሁለት ውሎች ባኩንና የረቫንን ከፋርስ ወሰደ። በ1878 ደግሞ ካርስን፣ አርዳሃንንና ባቱምን ከኦቶማን ቱርክ ነጠቀ። የእነዚህን የሦስት ከተሞች ስም አትርሱ፤ የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው።

ባኩ የነዳጅ ከተማ ነበረች። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከዓለም ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ከዚያች ከተማ ዙሪያ ይወጣ ነበር። ከ1883 ጀምሮ ባኩን ከጥቁር ባሕሩ ወደብ ከባቱም ጋር የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል። በሁለቱ መካከል የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ መቀመጫ የነበረችው ቲፍሊስ፣ የዛሬዋ ትብሊሲ፣ ትገኛለች። ቲፍሊስ የጆርጂያ ጥንታዊ ርዕሰ ከተማ ብትሆንም ንግዷና ማዘጋጃ ቤቷ በአብዛኛው በአርመኖች እጅ ነበር። በኋላ የፌዴሬሽኑ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው አሌክሳንደር ኻቲስያን የተባለ አርመናዊ የቲፍሊስ ከንቲባ ነበር። የጆርጂያና የአርመን ምሁራን፣ የባኩ ጠበቆችና የጋንጃ የመሬት ባላባቶች በሩሲያ ቋንቋ ተምረው፣ በሩሲያ ቋንቋ ይከራከሩ ነበር። አንድ ያደረጋቸው የሩሲያ አገዛዝ ነበር፤ ችግራቸውም የሚጀምረው ይኸው አንድ ያደረጋቸው አገዛዝ ሲወድቅ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሩሲያና ኦቶማን ቱርክ በዚህ ምድር ላይ ተፋጠጡ። በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ በሳሪቃሚሽ የኦቶማን ሠራዊት በበረዶ ውስጥ አለቀ። በ1916 የሩሲያ ጦር ኤርዙሩምን፣ ትራብዞንንና ኤርዚንጃንን ይዞ ወደ አናቶሊያ ዘልቆ ገባ። በዚህ መካከል በ1915 በኦቶማን ግዛት የሚኖሩ አርመኖች ላይ የዘር ማጥፋት ተፈጸመ። ከሞት የተረፉት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ድንበር ተሻግረው ወደ ሩሲያ ካውካሰስ ጎረፉ። ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ታሪክ መሆን የለበትም። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው፣ አርባ ልጆች እየተባሉ በከተማችን ታሪክ የሚታወቁት ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች የዚያ እልቂት ትራፊዎች ነበሩ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሶልናል። እንግዲህ በ1918 በቲፍሊስ ምክር ቤት የተቀመጠ አርመናዊ እንደራሴ ስለ ኦቶማን ጦር ሲናገር በዓይኑ ፊት የሚመጣበት የእነዚህ ልጆች ወላጆች ዕጣ ነው። ይህን ሳንይዝ የቀረውን ብንናገር ፍርዳችን ይጓደላል።

በማርች 1917 ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ዙፋናቸውን ለቀቁ። በቲፍሊስ የነበረውን እንደራሴ ዱማ ከተባለው የሩሲያ ምክር ቤት አባላት የተውጣጣ ኮሚቴ ተካው። በኖቬምበር ቦልሼቪኮች በፔትሮግራድ ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ የቲፍሊስ ሰዎች አዲሱን መንግሥት አንቀበልም ብለው በኤቭጌኒ ጌጌችኮሪ የሚመራ የትራንስካውካሲያ ኮሚሳሪያት አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ከሩሲያ ተገንጥለናል አላሉም። ሕጋዊ መንግሥት በሩሲያ እስኪቆም ድረስ ቤቱን እንጠብቃለን ነው ያሉት። ነጻነት የማንኛቸውም ዋና ፓርቲ ጥያቄ አልነበረም።

ሠራዊቱ ግን አልጠበቃቸውም። በዲሴምበር 18 ቀን 1917 በኤርዚንጃን የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም የሩሲያ ወታደር ጠመንጃውን እንደያዘ በባቡር እየተጫነ ወደ ሀገሩ ይሄድ ጀመር። ከዚያ የተከተለውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የደቡብ ካውካሰስ ሙስሊሞች ለውትድርና አይመለመሉም ነበር፤ በምትኩ ግብር ይከፍላሉ። ስለዚህ አገዛዙ ሲፈርስ ጆርጂያውያንና አርመኖች በጦርነት የሠለጠኑ መኮንኖችና ክፍለ ጦሮች ሲኖሯቸው አዘርባጃናውያን ይህ ነው የሚባል ሠራዊት አልነበራቸውም። በጃንዋሪ 1918 ሻምኾር በተባለ የባቡር ጣቢያ ወደ ሀገራቸው የሚመለሱ ወታደሮችን ትጥቅ ለማስፈታት በተነሣ ግጭት ብዙ ሰው አለቀ። ጠመንጃ የሌለው ጠመንጃ ካለው አጠገብ ሲኖር የሚሰማውን ስጋት ማንም ቀድሞ አላሰበበትም። ብሔራዊ ሠራዊቶቹ በየፊናቸው ሲደራጁ፣ የጋራ ሠራዊት የሚባለው ነገር በስም ብቻ ቀረ።

በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1918 ሴይም የተባለው ምክር ቤት በቲፍሊስ ተከፈተ። አባላቱ የተመደቡት ቦልሼቪኮች በበተኑት የመላው ሩሲያ መሥራች ጉባኤ ምርጫ ከካውካሰስ በተገኘው ውጤት መሠረት ነው። ሊቀ መንበሩ ኒኮላይ ችኼይድዜ በፔትሮግራድ አብዮት ስሙ የገነነ ጆርጂያዊ ሶሻሊስት ነበር። ሦስት ፓርቲዎች እያንዳንዳቸው ሠላሳ ያህል ወንበር ይዘው አዳራሹን ተካፍለውታል።

የመጀመሪያዎቹ ሜንሼቪኮች ናቸው። በስም የሁሉም ሠራተኛ ፓርቲ ይሁኑ እንጂ ሥራቸው ያለው በጆርጂያ ገበሬ ዘንድ ነበር። ለእነርሱ ጦርነቱ ሊገታ የሚገባው አደጋ ነው፤ ባቱምን ማጣት ያማቸዋል፤ ነገር ግን ከቱርክ ጋር በዋጋ መደራደር ይቻላል ብለው ያምናሉ። ሁለተኛው ሙሳቫት ነው። ማሜድ አሚን ራሱልዛዴና ጓዶቹ የሚወክሉት ሙስሊሙን ሕዝብ ሲሆን፣ ለዚህ ሕዝብ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ጦር በሃይማኖትም በቋንቋም ወንድም ነው። ቱርክ ብትደርስላቸው ያለ ሠራዊት መቅረታቸው ይካካሳል፤ በቦልሼቪኮች የተያዘችው ባኩም ትመለስላቸዋለች። ሦስተኛው ዳሽናክሱትዩን የተባለው የአርመኖች ፓርቲ ነው። ለእርሱ ኦቶማን የሚደራደሩት ጎረቤት መሆኑ ከቀረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ድንበሩ በገፋ ቁጥር የሚቀጥለው ጥያቄ ሕዝባችን ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚል ነው።

ሦስቱም ትክክል ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱን ሕዝብ ሁኔታ በትክክል አንብቧል። ይህን የምለው ለማስታረቅ ብዬ አይደለም፤ ሰነዶቹን ሳነብ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ሦስት ትክክለኛ ስጋቶች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አንዱም ተነሥቶ፣ ኦቶማን ቢገፋ ማናችን እስከምን ድረስ እንዋጋለን ብሎ በጊዜው አልጠየቀም። ጥያቄው የተነሣው ጦሩ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ የቲፍሊስ መሪዎች ቅጠሉን የፈለጉት ቤቱ ከተያያዘ ወዲያ ነው።

በማርች 3 ቀን 1918 ቦልሼቪኮች በብሬስት ሊቶቭስክ ከጀርመንና ከአጋሮቿ ጋር ሰላም ሲፈርሙ ካርስን፣ አርዳሃንንና ባቱምን ሩሲያ እንድትለቅ ተስማሙ። የቲፍሊስ ሰዎች ወደዚያ ድርድር ተጠርተው ነበር፤ እኛ የሩሲያ አካል ነን፣ ለብቻችን አንደራደርም ብለው ቀሩ። ይህ ውሳኔ በመርህ ደረጃ ክብር ያለው ነው። በውጤት ደረጃ ግን ምድራቸው በሌሉበት ተሰጠባቸው።

ከዚያ በኋላ በትራብዞን የተደረገው ጉባኤ መጣ። ከማርች 14 ጀምሮ አንድ ወር ያህል ቆየ። የኦቶማን ልዑካን መሪ ራውፍ ቤይ የተባለ የባሕር ኃይል ሰው ነው፤ በኋላ የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የትራንስካውካሲያው መሪ ጆርጂያዊው አካኪ ችኬንኬሊ ነበር። የራውፍ ቤይ ክርክር ቀላልና ከባድ ነው፦ እናንተ ማን ናችሁ? የሩሲያ አካል ከሆናችሁ ሩሲያ ብሬስት ላይ ፈርማለች፣ አክብሩ። አይደለንም ካላችሁ ነጻነታችሁን አውጁና እንደ መንግሥት ተነጋገሩ። ችኬንኬሊ የ1914ን ድንበር ይዞ ተከራከረ፤ የትም አላደረሰውም። በጉባኤው ወቅት የኦቶማኑ አዛዥ የቬሂብ ፓሻ ሦስተኛ ጦር ኤርዙሩምን መልሶ ይዞ ወደ ቀድሞው የሩሲያ ድንበር እየገሰገሰ ነበር። በሚያፈገፍጉት የአርመን ጭፍሮች እጅ በመንገድ ላይ የተገደሉ ሙስሊም መንደርተኞችም ነበሩ፤ ይህም እውነት ስለሆነ መነገር አለበት። በዚያው ሰሞን በማርች ማብቂያ በባኩ ቦልሼቪኮችና የዳሽናክ ታጣቂዎች በአንድ ወገን ሆነው በተዋጉበት ውጊያና እልቂት በሺህ የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ተገደሉ። በትራብዞን የሚደራደረው አዘርባጃናዊ ልዑክ ይህን ወሬ እየሰማ ከአርመን ባልደረባው ጎን ተቀምጦ ስለ ጋራ አገር ይናገራል። የዚያን ልዑክ ሁኔታ ሳስብ እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

በኤፕሪል 10 ችኬንኬሊ የብሬስት ውልን እንደ መነሻ እንቀበላለን አለ። ቲፍሊስ ያለው ሴይም ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ልዑኩን መልሶ ጠራና በኦቶማን ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያ ስብሰባ ላይ የሙስሊም እንደራሴዎች በሃይማኖት ትስስራችን ምክንያት በዚህ ጦርነት በንቃት ልንሳተፍ አንችልም ብለው በግልጽ ተናገሩ። እኔ ይህን ንግግር ከምንም በላይ አከብረዋለሁ፤ በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተነገረበት ነውና። ነገር ግን ጊዜው አልፏል። ኤፕሪል 14 ቀን ባቱም ይህ ነው የሚባል መከላከል ሳይደረግባት በቱርክ እጅ ገባች። ጦርነቱ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ቆየ።

በኤፕሪል 22 ሴይም እንደገና ተሰብስቦ ራውፍ ቤይ የጠየቀውን አደረገ። ትራንስካውካሲያ ነጻ ዴሞክራሲያዊ ፌዴሬሽን ሪፐብሊክ መሆኗ ታወጀ። ከሩሲያ መለየት የማይፈልጉ ጥቂት እንደራሴዎች ተቃወሙ። ሙሳቫት በደስታ፣ ሜንሼቪኮች ግዴታ ነው በሚል ስሜት፣ አርመኖች ደግሞ ከባሰው የሚሻል በማጣት ደገፉ። የአንድ አገር ልደት እንዲህ ሲሆን ያስፈራል። ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ ሕገ መንግሥት አልተጻፈም፤ የክልሎቹ ድንበር በየት በኩል እንደሚያልፍ አልተወሰነም። ነጻነቱ የታወጀው የሰላም ውል ላይ የሚፈርም እጅ እንዲገኝ ነው።

አሁን ወደ ካርስ እንመለስ። በእኔ ግምት ፌዴሬሽኑ የሞተው ሜይ 26 ቀን ሳይሆን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነው። ነጻነት ሲታወጅ የጌጌችኮሪ መንግሥት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ችኬንኬሊ አዲስ ካቢኔ እንዲያቋቁም ተመረጠ። ካቢኔው ገና ሳይጸድቅ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ብሬስት ሊቶቭስክን መቀበሉን ለቬሂብ ፓሻ አሳወቀ። ለአርመኑ ጄኔራል ለናዛርቤኮቭ ተኩስ እንዲያቆምና ካርስን እንዲያስረክብ ትእዛዝ ላከ። ካርስ በአካባቢው ካሉት ሁሉ የጠነከረ ምሽግ ነበር፤ መድፍና ስንቅ ተከማችቶበታል፤ የአርመን ወታደሮች ሊከላከሉት ተዘጋጅተው ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን የኦቶማን ጦር ገባበት። የከተማው አርመኖች ንብረታቸውን ጥለው ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ።

ችኬንኬሊ ከሃዲ አልነበረም። ጦርነቱን ማሸነፍ እንደማይቻል ያምን ነበር፤ ቶሎ በተፈረመ ቁጥር የሚጠፋው ያንሳል ብሎ አስልቷል። ምናልባት ስሌቱም ልክ ነበር ይሆናል። ጥፋቱ ከስሌቱ አይደለም። የአንዱን አባል ሕዝብ የመጨረሻ ምሽግ የሌላው አባል ሰው ብቻውን ሲሰጥ፣ የተሰጠበት ወገን ነገሩን ካለቀ በኋላ ሲሰማ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጋራ መንግሥት መናገር ከባድ ነው። የአርመን መሪዎች ችኬንኬሊ ይውረድ አሉ። በምትኩ አርመናዊ ይምራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ይህ ግን ለቱርክ የጦርነት አዋጅ መስሎ ይታያል በሚል ስጋት እነርሱው ሳይቀበሉት ቀሩ። ብቻቸውን ከመቅረት ቆስለውም ቢሆን አብሮ መቆየትን መርጠው በካቢኔው ገቡ።

ካቢኔው 13 ሚኒስትሮች ነበሩት። ከእነርሱ መካከል ሦስቱን ልጥቀስላችሁ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ጆርጂያዊው ኖይ ራሚሽቪሊ ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ አዘርባጃናዊው ፋታሊ ኻን ኾይስኪ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሩ አርመናዊው ሆቭሃኔስ ካጃዝኑኒ ነው። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ወር በኋላ የሦስት ነጻ አገሮች የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሆኑ። በዚያ አንድ ወር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እህል፣ ስለ ስደተኛና ስለ ባቡር ይነጋገሩ ነበር።

ስለ መንግሥቱ አስተዳደር ብዙ የምለው የለኝም፤ ለማስተዳደር ጊዜ አላገኘምና። ባኩ ከነነዳጇ ከእጁ ውጭ ነበረች፤ ከኤፕሪል 25 ጀምሮ ስቴፓን ሻሁምያን የሚመራው የቦልሼቪክ ኮምዩን ይገዛታል። ባቱምና ካርስ በቱርክ እጅ ናቸው። የቀረው ሁለቱ ጫፎቹ የተቆረጡ የባቡር ሐዲድ ነው። ኮሚሳሪያቱ ያሳተመው የወረቀት ገንዘብ ግን መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላም በሦስቱ አገሮች መዘዋወሩን ቀጥሎ ነበር፤ የጋራው ገንዘብ ከጋራው መንግሥት በላይ ኖረ።

በሜይ 11 ቀን በባቱም ሁለተኛ ጉባኤ ተከፈተ። አሁን የኦቶማን ወገን ተናጋሪ ሃሊል ቤይ ነው። ቲፍሊስ ብሬስት ሊቶቭስክን ተቀብላ መጣች፤ ሃሊል ቤይ ደግሞ በመካከሉ ደም ስለፈሰሰ ብሬስት አይበቃም አለ። አኻልጺኼንና አኻልካላኪን፣ ከየረቫን አውራጃ ሰፊ ቦታ፣ ከአሌክሳንድሮፖል ወደ ጁልፋ የሚወስደውን ሐዲድ ጠየቀ። መልስ ሳይጠብቅም ሜይ 15 ቀን ጦሩ አሌክሳንድሮፖልን፣ የዛሬዋን ጊዩምሪን፣ ያዘ።

በባቱም አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ የጀርመኑ ጄኔራል ኦቶ ፎን ሎሶቭ። ጀርመን የቱርክ አጋር ብትሆንም ቱርክ ባኩ እንድትደርስ አትፈልግም ነበር። ነዳጁን፣ የቺያቱራን ማንጋኒዝና የባቡሩን መስመር ለራሷ ትሻለች። የጆርጂያ መሪዎች ይህን ፍላጎት አዩ። ከፌዴሬሽኑ ወጥተን ነጻ ጆርጂያ ብንሆን ጀርመን ከቱርክ ትጠብቀናለች አሉ። በሚስጥር ተነጋገሩ፤ ተስማሙም። ሜይ 28 ቀን በፖቲ ወደብ ከጀርመን ጋር ስምምነት ፈረሙ፤ የጀርመን ወታደሮችም ገቡ።

ይህን ያደረጉትን ሰዎች ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ሕዝባቸውን ከጥፋት አድነዋል። ነገር ግን ባልደረቦቻቸውን ምን ላይ ጥለው እንደሄዱም ሳልናገር አላልፍም። በዚያው ሳምንት የኦቶማን ጦር ወደ የረቫን እየቀረበ ነበር። በመንገዱ ላይ ኤቺሚያድዚን አለች፤ የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን መንበር ናት። ከእኛይቱ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት እህትማማች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ካቶሊኮሱ ጌቮርግ 5ኛ ከመንበራቸው እንዲሸሹ ቢለመኑ አልሄድም አሉ። በየረቫን አራም ማኑኪያን የተባለ መሪ ያለ የሌለውን ሰው አሰለፈ፤ ገበሬ፣ ቄስ፣ ተማሪ፣ ስደተኛ ሳይቀር ወጣ። በሳርዳራባድ ሜዳ ከሜይ 21 ጀምሮ በተደረገው ውጊያ የኦቶማን ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። በባሽ አባራንና በካራኪሊሳም ውጊያ ተደረገ። የሚያስገርመው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተዋጊዎቹ የሚሞቱለት አገር በሕግ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ሜይ 26 ቀን ሴይም ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰበ። ጆርጂያዊው ሜንሼቪክ ኢራክሊ ጸረቴሊ የፌዴሬሽኑን ፍጻሜ አስታወቀ። ሴይሙ ያሳለፈው ውሳኔ ይዘት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በጦርነትና በሰላም ጥያቄ ላይ ሪፐብሊኩን በመሠረቱት ሕዝቦች መካከል መሠረታዊ ልዩነት ስለተፈጠረ፣ አንድ ሥልጣን በትራንስካውካሲያ ስም ሊናገር አይችልምና ሴይም ኃላፊነቱን ያስረክባል። ከዚህ የተሻለ ቅን የሞት ምስክር ወረቀት በዘመኑ አላገኘሁም። የሞቱን ምክንያት ቋንቋ አላለም፤ ሃይማኖት አላለም፤ ጦርነትና ሰላም አለ። በዚያው ቀን፣ ሴይም በተሰበሰበበት በቀድሞው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቤተ መንግሥት፣ ጆርጂያ ነጻነቷን አወጀች። ሃሊል ቤይም በዚያው ቀን ለቀሩት ጥያቄውን እንዲቀበሉ የ72 ሰዓት ቀነ ገደብ ሰጠ። ሜይ 28 ቀን የአዘርባጃን ብሔራዊ ምክር ቤት እዚያው ቲፍሊስ ሆኖ ነጻነት አወጀ። የአርመን ምክር ቤትም ከሁለት ቀን በኋላ የሜይ 28ን ቀን የያዘ መግለጫ አወጣ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ያወጣው መግለጫ ነው። ጁን 4 ቀን ኻቲስያንና ካጃዝኑኒ በባቱም ተቀምጠው ለአርመን ጠባብ የተራራ ጥግ ብቻ የሚያስቀርላትን ውል ፈረሙ።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህ መንግሥት ሲጀመርም የሚኖር አልነበረም ይላሉ። ሠራዊት የለው፣ ገንዘብ የለው፣ በኃያላን መካከል ተጣብቋል፤ ብልህ መሪ ቢኖረው ምን ሊያደርግ? ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ የምንተወው አይደለም። የእኔ መልስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በዚያ ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ኦቶማን በሙድሮስ እጅ ሰጠች። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ አምስት ወር ብቻ አልፎ ነበር። ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ እቀበላለሁ። ሁለተኛ፣ በቱርክ ኃይል መሸነፍ ግዴታ ቢሆን እንኳ አብሮ መሸነፍና ተከዳድቶ መሸነፍ ልዩነት አላቸው። ኮሚሳሪያቱ በኖቬምበር 1917 ሲቋቋም፣ የኦቶማን ጦር ገና ርቆ ሳለ፣ የየአንዳንዱን ሕዝብ የማይነካ ጥቅም ዘርዝረው፣ የትኛው ምድር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይሰጥ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ፣ ችኬንኬሊ ያን ትእዛዝ ለመላክ እጁ ባልታዘዘለት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በእጃቸው ነበረ። ያን ጊዜ ስለ ሩሲያ የወደፊት ዕጣ ሲከራከሩ አሳለፉት።

ያልተነጋገሩበት ልዩነት በኋላ በጠመንጃ ተነጋገረ። በዲሴምበር 1918 ጆርጂያና አርመን በሎሪ ምድር ተዋጉ። አርመንና አዘርባጃን በካራባኽና በዛንጌዙር ተፋጁ። በኤፕሪል 1920 ቀይ ጦር ባኩን ያዘ፤ በዓመቱ መጨረሻ አርመን፣ በፌብሩዋሪ 1921 ደግሞ ጆርጂያ ተከተሉ። ከ1922 እስከ 1936 ሞስኮ ሦስቱን በግድ በአንድ የሶቪየት ፌዴሬሽን አሰረቻቸው። በፈቃድ 34 ቀን የቆየው አንድነት በግዴታ 14 ዓመት ቆየ።

ሦስቱ ሚኒስትሮችስ? ፋታሊ ኻን ኾይስኪ በጁን 1920 ቲፍሊስ ውስጥ በአርመን ተበቃዮች ተገደለ። ኖይ ራሚሽቪሊ በዲሴምበር 1930 ፓሪስ ላይ በስደት ሳለ በጥይት ተገደለ። ሆቭሃኔስ ካጃዝኑኒ በ1938 በሶቪየት እስር ቤት ሞተ።

ወደ እናንተ የማቀርበው ልመና አለኝ። የጆርጂያ መንግሥት በ1919 የዚያን ዘመን የውጭ ጉዳይ ሰነዶች፣ የትራብዞንና የባቱም ድርድር ወረቀቶች ሳይቀሩ፣ በሩሲያ ቋንቋ አሰባስቦ በቲፍሊስ አሳትሟቸዋል። በሶቪየት ኅብረት ተምረው ሩሲያኛን እንደ አማርኛ የሚያነቡ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። እባካችሁ፣ ጤናና ጉልበት ሳለላችሁ ከዚያ መጽሐፍ የካርስን ሳምንት የሚመለከተውን ክፍል እንኳ ወደ አማርኛ መልሱልን። የታሪክ ተማሪዎችም ከእነርሱ ጎን ተቀምጣችሁ ጻፉ።